የዘይቶኑ ማርማላታና አርባ አንዱ ስም

ጥሩዬ፣

ከተለያየን ዓመት ከአሥራ ስምንት ቀን ሆነን። ደብዳቤ በጤና ጥያቄ ይጀመራል፤ ያንቺን አልጠይቅም፣ ከዚያ ሁሉ ሥቃይ ማረፍሽን አውቃለሁ። የኔን ብትጠይቂኝ ዓይኔ ደከም ብሏል፣ አንድ ጥርሴ ሄዷል፣ ጠባዬ እንዳለ ነው። ይሄን ስታነቢ ፊትሽን ወዴት እንደምታዞሪ ይታየኛል። ግን እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። ዘንድሮ የምነግርሽ ነገር አለኝ፤ ያጠፋሁትንም አልደብቅሽም።

ቤቱ ያው ነው። ክረምቱ የጓዳውን በር አሳብጦት አልዘጋ ቢለኝ አናጢ ጠርቼ አስላግኩት። ፍኖተ ሰላምም እንደምታውቂያት ናት፤ መንገዱ አንዳንድ ሳምንት ይዘጋል፣ አንዳንድ ሳምንት ይከፈታል፤ በተከፈተ ቀን ሰዉ ባንዴ ተነሥቶ መናኸሪያውን ይሞላዋል። ሰብለ ማስተማሩን ትታ ቡሬ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ገብታለች፤ ነጭ ካፖርት ለብሳ የምግብ ጥራት ስትመረምር ትውላለች። ልጃችን ሰው ሆናለች። ልብስሽን እሷ ናት የለየችው፤ ግማሹን ለደካሞች ሰጠች፣ ግማሹን ይዛ ሄደች። አንዱን ነጠላ ግን ሳታየኝ ከሣጥኑ አውጥቼ ትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ። ብታይብኝ ታለቅስ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሰው ፊቴ ሲያለቅስ ምን እንደማደርግ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ዘይቶኖችሽ ግን ሐዘን አልያዙም። ጥቅምት ሲገባ ሁለቱም ዛፍ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ። አምና በዚህ ጊዜ አንቺን ስንል ፍሬውን ማን እንደለቀመው እንኳ አላስታውስም። ዘንድሮ እየበሰለ ሲወድቅ፣ ሽታው በመስኮት ገብቶ መኝታ ቤት ድረስ ሲመጣብኝ፣ መቀመጫ አጣሁ። ጠርጌ ልጣለው ብዬ መጥረጊያ አንሥቼ ሁሉ ነበር። የዚያን ዕለት የሰብለ ልጅ ከቡሬ ደወለች፤ የዘንድሮው ማርማላታ መቼ ነው የሚደርሰው አለችኝ። ስድስት ዓመቷ ነው። አንቺ መሞትሽን ታውቃለች፤ ማርማላታው ግን ከዛፉ የሚወርድ ይመስላታል። በቅርብ ቀን አልኳት። አንዴ ከአፌ ወጣ፣ ምን ላድርግ።

ማርማላታ የተማርሽበትን ጊዜ አልረሳሁትም። የቤት ኤኮኖሚ ባለሙያዋ ሴቶቹን ገበሬ ማሠልጠኛው ሰብስባ ሦስት ቀን ስታሠለጥን፣ የቀሩት ደብተር ይዘው ሲጽፉ አንቺ እጅሽን አጣጥፈሽ ስታዪ ዋልሽ። ማታ ምን ተማርሽ ብዬ ስጠይቅሽ፣ ድስቱን ካየሁት ወረቀቱ ምን ይሠራልኛል አልሽኝ። ያን ጊዜ በሰፈራችን ዘይቶን ልጆች ከዛፍ ላይ ይበሉታል፣ የተረፈው ይበሰብሳል እንጂ ድስት አያይም ነበር። ፍሬ ቀቅላ በጠርሙስ ልታስቀምጥ ነው ተብሎ ተሣቀብን። እኔም ከሣቂዎቹ አንዱ ነበርኩ። ጾም ገብቶ ዳቦ ላይ ቀብተሽ ስታቀርቢልኝ ሣቄን ዋጥኩት፤ ሁለተኛ ቁራሽ ስጠይቅሽም ቆርሰሽ ሰጠሽኝ።

አሠራሩን የማውቀው ግን ከበረንዳ ያየሁትን ያህል ብቻ ነው። ታጥቢዋለሽ፣ ትከትፊዋለሽ፣ በትንሽ ውኃ ትቀቅይውና ጠጣሩን ፍሬ ለመለየት በወንፊት ታሺዋለሽ። የወረደውን በጣሳ ለክተሽ ስኳርና የሎሚ ጭማቂ ትጨምሪበትና ከሰል ላይ ትጥጂዋለሽ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። ከዚያ በኋላ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ በማማሰያው እያማሰልሽ ታጉተመትሚያለሽ፤ ብጠራሽ አትሰሚኝም። ሰዓት ልያዝልሽ እያልኩ ስንት ዓመት ለመንኩሽ። የእጅ ሰዓቴን ፈትቼ መስኮቱ ላይ እስከማስቀመጥ ደርሻለሁ። ዞረሽም አላየሽው። የሒሳብ አስተማሪ ሚስት ሆነሽ በግምት ትሠሪያለሽ እያልኩ ስነዘንዝሽ ኖርኩ፤ ግምትሽ ግን አንድም ዓመት አልሳተም።

ሰብለን ጠየቅኳት። ሥራዋ ስለሆነ ቴርሞሜትር ልላክልህ፣ ሙቀቱ ሲደርስ ታወርደዋለህ አለችኝ። ያንቺን የቢሮ መንገድ አልጠየቅኩሽም፣ የእናትሽን ንገሪኝ አልኳት። እንደዚህ ነው የምናገራት፤ አንቺ የለሽም ቆይ ቀስ የምትይኝ። እማዬ መንተክተክ ሲጀምር አርባ አንድ እግዚኦ በዪና አውርጂው ነበር የምትለኝ አለች። ደስታዬን አልነግርሽም። ለካስ ቁጥር አለው። ቁጥር ካለውማ እኔ አለሁ።

በማግሥቱ የመጀመሪያውን ድስት ጣድኩ። በልጅነቴ ድቁና የቀመስኩ ሰው ነኝ፤ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ ለማለት አፌ አይደናቀፍም። በጣቴ አንጓ ቆጠርኩ፤ አሥራ ሁለቱን አንጓ ሦስት ጊዜ ዞሬ አምስት ጨመርኩና ሞላ። አወረድኩት። ጠርሙሶቹን አንቺ እንደምታደርጊው አስቀድሜ ቀቅያቸው ነበር፤ በትኩሱ ሞልቼ፣ ክዳናቸውን አጥብቄ፣ በአፋቸው ደፋኋቸው። አሥራ አራት ጠርሙስ። ጓዳ መደርደሪያው ላይ ደርድሬ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆሜ አየኋቸው። ተማሪዎቼ በሙሉ ፈተና ያለፉ ያህል ኮራሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ጓዳ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ። ገብቼ ሳይ ሁለት ክዳን ተስፈንጥሮ ወድቋል፣ የቀሩት ክዳኖች ተነፍተዋል፣ በግድግዳው ላይ አረፋ ይንጠባጠባል። ጎረቤታችን እታፈራሁ፣ ያቺ በአጥሩ ቀዳዳ ካንቺ ጋር ወንፊት ስትቀባበል የኖረችው፣ ድምፁን ሰምታ መጣች። አሸተተችና፣ እኛ ማርማላታ ስንጠብቅ መምህር ጠጅ ጥለዋል እንዴ አለችኝ። ከዚያ ጣቷን ነክራ ቀመሰች። ይሄማ ሾርባ ነው፣ መቼ ፈላና፣ ምን ያህል አቆዩት አለች። አርባ አንድ እግዚኦ አልኳት። የእነማንን አለችኝ።

የእነማንን ማለት ምን ማለት ነው ብዬ ተቆጣሁ። እታፈራሁ በኔ ቁጣ አትደነግጥም፤ ሠላሳ ዓመት በአጥር ስትሰማው ኖራለች። በርጩማ ስባ ተቀመጠችና ነገረችኝ። ጥሩወርቅ ድስት ላይ ቆማ ስም ሳትጠራ እግዚኦ ብላ አታውቅም አለች። አንድ ሰው ትጠራለች፣ የጎደለውን ትናገርለታለች፣ ከታመመ ሕመሙን፣ ከራቀ ያለበትን አገር ትጠራለች፣ ከዚያ እግዚኦ ብላ ወደሚቀጥለው አንጓ ትሻገራለች። አርባ አንድ ሰው ታዳርሳለች። እስክታዳርስ ድረስ ነው እንግዲህ የሚረጋው አለችኝ።

ጥሩዬ፣ ከድስትሽ ስድስት እርምጃ ርቄ ጋዜጣ ስገላልጥ ነው የኖርኩት። ታጉተመትማለች እያልኩ ለሰው አሥቄብሻለሁ። አንድ ቀን ጋዜጣውን አስቀምጬ ምን እያልሽ ነው ብዬ አልጠየቅኩሽም። ብጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበር፤ የሚደበቅ ነገር አልነበረም። እታፈራሁ የሰማችውን እኔ ሳልሰማ መቅረቴ አንገበገበኝ።

እነማን ነበሩ ብዬ ወረቀትና እርሳስ አመጣሁ። ያስታወሰችውን ቆጠረችልኝ። ሰብለና ልጆቿ። የእናትሽ ነፍስ። እኔ ስሙን የማላውቀው አንድ የታሰረ ሰው። መሐሉ የተቀቀለ ድንች የደበቀችበትን ቅቤ የሸጠችልሽ ሴትዮ፣ ስሟን ስለማታውቂው የቅቤዋ ሴት እያልሽ ነበር አሉ። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ። በስብሰባ ላይ ያዋረደኝ ርዕሰ መምህር ሳይቀር። ያ ሰውዬ ስሙ በቤቴ እንዳይነሣ ብዬ አዝዤ ነበር፤ ለካስ በየዓመቱ በጥቅምት በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ከሰሌ ላይ ይነሣ ኖሯል። እርሳሴን ይዤ ሣቅኩ። ከሞትሽ ወዲህ የመጀመሪያው ሣቄ መሰለኝ።

የኔስ ስም ብዬ መጠየቅ ግን ፈራሁ። እታፈራሁ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። እርስዎንና ወንድሟን ሙላትን በአንድ እግዚኦ ነበር የምትጠራችሁ፣ ለያይታችሁ አታውቅም አለች። ለምን እንደሆነ ጠይቃሽ ነበር አሉ፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ግትር ናቸው፣ አንዱን ይዤ ሌላውን ብለቅ ይጣሉብኛል ብለሻት ነበር። ይሄን ተናግራ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ በአጥሩ ቀዳዳ ወጣች።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። አንቺ በሣጥን ውስጥ ነበርሽና አልሰማሽም። የቀብርሽ ዕለት ሙላት ከጅጋ ሰዎቹን ይዞ መጥቶ ድንኳኑ ውስጥ ሊቀመጥ ሲል ተነሣሁና፣ እህትህን በብርድ ውኃ የገደልካት አንተ ነህ አልኩት። ሐኪም እያለላት ጠበል ብለህ ደጋው ላይ ፈረስ ቤት ከተማ ድረስ ይዘሃት የሄድከው እኔ ሳላውቅ ነው አልኩት። ቄሶቹ ነበሩ፣ የዕድሩ ሰው ሁሉ ነበር፣ የጅጋም የፍኖተ ሰላምም ሰው ነበር። ሙላት አንድ ቃል አልመለሰልኝም። ጋቢውን ተከናንቦ ሦስቱን ቀን ከድንኳኑ ጥግ ተቀመጠና ሄደ። ለአርባሽ መጥቶ ቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ ቆሞ ሳይቀምስ ተመለሰ። ለሰማንያሽ አልመጣም።

ሳላውቅ ማለቴ ውሸት ነበር፤ ይሄን ካንቺ በቀር ማን ያውቃል። የባሕር ዳሩ ሐኪም ከእንግዲህ ቤቷ ትረፍ ካለን በኋላ ጠበሉን የለመንሽኝ አንቺ ነሽ። ሦስት ቀን እምቢ አልኩሽ፣ በአራተኛው እሺ አልኩ። ጄሪካኑን ገዝቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጋቢዎቹን ጠቅልዬ በገመድ ያሰርኩት እኔ ነኝ። አብሬሽ መሄድ ሲገባኝ ዳገቱን አልችለውም ብዬ ቀረሁ፤ እውነቱን ለመናገር የፈራሁት ዳገቱን አልነበረም፣ አንቺን እዚያ ብርድ ላይ ማየቱን ነው። በኔ ፋንታ ሁለት ሳምንት ደግፎ ያስጠመቀሽ ሙላት ነው። ተመልሰሽ በአራተኛው ቀን አረፍሽ። እንግዲህ ይሄን ሰው ነው በሕዝብ ፊት ነፍሰ ገዳይ ያልኩት። ጅጋ ላይ እየታማ እንደሆነ ሰብለ ነግራኝ ነበር። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ።

ስሞቹን ጻፍኩ። እታፈራሁ ያስታወሰችው ሠላሳ አልሞላም፤ የቀረውን ከራሴ ልሙላ ብዬ ስቀመጥ ችግሩ ገባኝ። አርባ ዓመት አስተምሬ፣ በዚህ ከተማ ፀጉሬ ሸብቶ፣ ጎድሎበት ይሆን ብዬ የማስብለት ሰው እየፈለግሁ ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ የሱቁ ባለቤት፣ እግሩ የተሰበረው ባለ ባጃጅ፣ ከመናኸሪያው በር የምትቀመጠው ዓይነ ስውር ገቡና አርባ ደረሰ። ሙላትን አርባ አንደኛ አደረግኩት። ለመጨረሻ ያቆየሁት ሳላውቅ አይደለም።

ሁለተኛውን ድስት ጣድኩ። በዚህኛው አልቸኮልኩም። አንድ ሰው እየጠራሁ፣ የጎደለውን እየተናገርኩ፣ እግዚኦ እያልኩ ሄድኩ። በአሥራ አምስተኛው ሰው አካባቢ ማማሰያው ከበደኝ። በሠላሳኛው ቀለሙ ጠቆር ወደ ማለት ሄደ፣ እንፋሎቱም ሽታው ያንቺ ሆነ።  ሙላት ላይ ደረስኩና ቆምኩ። ስሙ አልወጣልኝም። ምን ጎደለበት ልበል፤ የጎደለበት ስሙ ነው፣ ያጎደልኩበትም እኔ ነኝ። እዚያው ማማሰያውን ይዤ ፈዝዤ ስቀር ድስቱ ከሥሩ ያዘ። እታፈራሁ ከአጥሩ ማዶ አረረ፣ አረረ ስትል ነው የነቃሁት። ባንቺ ድስት ላይ ማርማላታ ሲያር የመጀመሪያው ነው። አሁንም ሥሩን በአሸዋ ብፈትገው አልለቅ ብሎኛል።

መንገድ በተከፈተ ቀን ጅጋ ሄድኩ። የገበያ ቀን ነበርና ሚኒባሱ በሰውና በጆንያ ተጨናንቆ ነበር። ሙላት ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ቀንበር ሲጠርብ አገኘሁት። ሲያየኝ ተነሣ፣ መቀመጫውን ለቀቀልኝ፣ ውኃ አስመጥቶ እጄን አስታጠበኝ። ይቅር በለኝ አልኩት። አልተቀየምኩዎትም ጋሼ አለኝ፤ ዓይኑ ግን ቀንበሩ ላይ ነበር። ለምን እንዳልተቀየመኝ አልጠየቅኩትም፣ ለይሉኝታ ያለው መሰለኝ። ሚስቱ ግን አልማረችኝም፤ ልማርዎት ብትለኝም ደስ አይለኝም ነበር። በድንኳን የተነገረብንን ጓሮ መጥተው ይቅርታ ቢሉን ለማን እናሰማዋለን፣ ልጆቼ ምንጭ ሲወርዱ የአክስታችሁ ገዳይ እንዴት አደረ ይባላሉ አለችኝ። እውነቷን ነው። በሰው ፊት ያልኩትን በሰው ፊት እመልሰዋለሁ፣ ለሙት ዓመቷ ብቻ ኑልኝ አልኩና ተመለስኩ።

መጡ። ፍትሐቱ አልቆ ሰው ተቀምጦ መብል ከመቅረቡ በፊት ቆምኩ።  አምና ዋሽቻለሁ አልኩ። ጠበሉን የፈለገችው እሷ ናት፣ እሺ ብዬ ጓዟን ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ መሄድ ሲገባኝ የቀረሁትም እኔ ነኝ፤ ሙላት ያደረገው እኔ ማድረግ የነበረብኝን ነው አልኩ። ከዚህ ሌላ ብዙ አዘጋጅቼ ነበር፣ ጠፋብኝ።  አንድ ቄስ ጉሮሯቸውን ጠረጉና እግዚአብሔር ይፍታህ አሉኝ። እታፈራሁ ከሴቶቹ በኩል ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅስ ነበር። ሙላት መሬት መሬት አየ። ሚስቱ ግን ቀና ብላ ሰዉን አንድ በአንድ አየችው።

ሙላት የዚያን ዕለት አልሄደም፤ ሚስቱንና ልጆቹን አሳፍሮ ቤታችን አደረ። ጠዋት ከዛፎቹ ላይ የቀረችውን ዘይቶን አየና፣ ይቺማ ትበላሻለች አለ። ሁለታችንም ስለሌላ ነገር መነጋገር አፍረን ስለነበር ሥራ አገኘን። እሱ ለቀመ፣ እኔ አጠብኩ፣ እሱ ከተፈ፣ እኔ በወንፊት አሸሁ። ድስቱን ከእታፈራሁ ተዋስን። ማማሰያውን እሱ ያዘ፤ የገበሬ ክንድ ነውና አይደክምም። እኔ ወረቀቴን ይዤ አጠገቡ ተቀምጬ ስሞቹን ጠራሁ። የማያውቀውን ሰው ስጠራ ማን ነው ይለኛል፣ እነግረዋለሁ፣ ራሱን ነቅንቆ እግዚኦ ይላል። የርዕሰ መምህሩን ታሪክ ስነግረው ትከሻው እስኪነቀነቅ ሣቀ።

አርባ አንደኛው ላይ ደረስኩ። ሙላት ወንድሜን፣ በኔ አፍ ስሙ የጠፋበትን፣ ዓመት ሙሉ የቻለኝን አልኩና እግዚኦ አልኩ። ማማሰሉን አላቆመም። ዓይኑን ከድስቱ ሳያነሣ ነገረኝ። ከጠበሉ ስንመለስ መንገድ ላይ ያለችኝን ልንገርዎት አለ። ሙላቴ፣ እኔ አልቆይም ብለሽዋል። ስሞት ጋሼ የሚያሳብብበት ሰው ይፈልጋል፣ ሰው ካጣ ወደ ራሱ ይዞራል፣ ወደ ራሱ ከዞረ ደግሞ አይተርፍም ብለሽዋል። ወደ አንተ ከመጣ ቻልልኝ፣ አትመልስለት፣ ሲበርድለት ራሱ ይመጣል ብለሽ አደራ ብለሽዋል። ማልኩላት አለኝ። ድንኳኑ ውስጥ ሲጮሁብኝ ይሄው መጣ አልኩ እንጂ አልገረመኝም፣ ለሚስቴም አልነገርኳት አለኝ።

ጥሩዬ፣ እንደልማዴ ልቆጣሽ ፈለግሁ። ወንድምሽ ላይ እንዲህ ያለ ሸክም ይጫናል ወይ ልልሽ፣ ያለ እኔ ምክር ይሄን መወሰንሽ ምን ይባላል ልልሽ አፌን ከፈትኩ። አልቻልኩም። ትንፋሽ አጥሮሽ፣ በሁለት ጋቢ ተጠቅልለሽ፣ የምታስቢው የኔ ቁጣ የት ላይ ቢያርፍ እንደምተርፍ ነበር። ደግሞም ልክ ነበርሽ። አምና ያን ድንኳን ውስጥ ወደ ራሴ ዞሬ ቢሆን ዛሬ ይሄን ደብዳቤ የሚጽፍ አይኖርም ነበር። ሰው ፊት ሲያለቅሱ ምን እንደሚደረግ አላውቅም ብዬሻለሁ አይደል፤ የዚያን ዕለት ግን ያለቀስኩት እኔ ነኝ፣ ሙላትም እያማሰለ ዝም አለኝ፣ ያም በቂ ነበር።

ማርማላታው ረጋ። ሙላት ቀዝቃዛ ሳሕን ላይ ጠብ አድርጎ ሲያዘነብለው አልወረደም። ዘጠኝ ጠርሙስ ሆነ። አራቱን ለቡሬ ላክሁ፣ አራቱን ሙላት ይዞ ሄደ፣ አንዱ እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ነገ ጾመ ነቢያት ይገባል።

እስከ ዛሬ አስብሻለሁ እያልኩ የማስበው የኔን ብቸኝነት ነበር፤ ቀዝቃዛውን አልጋ፣ ባዶውን ወንበር። አንቺ ስላየሽው መከራ ማሰብ አልደፈርኩም። ከእንግዲህ በያንዳንዱ ጥቅምት አንቺ እንደምታደርጊው አደርጋለሁ፤ ስምሽን ብቻ ጠርቼ አላልፍም፣ ያመመሽንም፣ የበረደሽንም፣ ብቻሽን የተውኩሽንም እጠራለሁ። ለገና ሙላት ወደ ጠበሉ ሊወስደኝ ቃል ገብቶልኛል። ያን ዳገት ቀስ ብለን እንወጣለን፤ የተጠመቅሽበትን ያሳየኛል፣ የተኛሽበትን መደብ ያሳየኛል፣ እኔም እዚያው አንድ ሌሊት አድራለሁ። ዓመት ዘግይቼም ቢሆን እመጣለሁ፣ ጥሩዬ።

ባልሽ